ብርዝና ባክቴሪያ፦ ማር መቼ ይገድላል፣ መቼስ ይመግባል?

በደንብ የበሰለ ማር ከድነው ጓዳ ቢያስቀምጡት ዓመታት ያልፉበታል እንጂ አይበላሽም። ይረጋል፣ ቀለሙ እየጠቆረ ይሄዳል፣ መዓዛው ይደበዝዛል፤ ሻጋታ ግን አያወጣም። ከዚያው ዕቃ አንድ እጅ ማር ቀድተው በሦስት ወይም በአራት እጅ ውሃ በጥብጠው ጋን ውስጥ ቢያሳድሩት ደግሞ ጥቂት ቀናት ሳይሞላው መፍላት ይጀምራል። አረፋ ይደፍቃል፣ ሽታው ይለወጣል፣ ጆሮ ሲጠጉበት ድምፅ ይሰማል። ማሩ ያው ማር ነው፤ የተለወጠው የውሃው መጠን ብቻ ነው። ጠጅ የሚጥሉ እናቶች ይህን ከማንም ቀድመው ያውቁታል። ለሚቀመጠው ማር የውሃ ጠብታ እንዳይነካው ይጠነቀቃሉ፤ ለሚጣለው ጠጅ ግን ውሃውን በልክ ይሰፍራሉ።

ስለ ማርና ስለ ባክቴሪያ ማወቅ የሚገባን ነገር አብዛኛው የተቋጠረው እዚህ ላይ ነው። "ማር መድኃኒት ነው" ሲባል እየሰማን አድገናል። አባባሉ ሐሰት አይደለም፤ ግን ጎደሎ ነው። የትኛው ማር? በምን ያህል ውሃ ተበጥብጦ? በየትኛው ባክቴሪያ ላይ? እነዚህ ካልተጠየቁ አንዱ ማር ገዳይም መጋቢም ሆኖ ይገኛል፤ ተናጋሪዎቹም ሁለቱም ልክ ሆነው ሳይግባቡ ይቀራሉ።

ጥያቄው የምግብ ቤት ጨዋታ አይደለም። ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት በ2022 የወጣ ሰፊ ጥናት (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በ2019 ብቻ 1.27 ሚሊዮን ሰዎች መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ምክንያት በቀጥታ እንደሞቱ ገምቷል። ከባዱ ሸክም የወደቀው ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ ላይ ነው። የምናውቃቸው አንቲባዮቲኮች እየከዱን በሄዱ ቁጥር ሰው ፊቱን ወደ ጥንቱ መድኃኒት ቢያዞር አይፈረድበትም። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፤ ማርን ለሁሉም ሕመም የሚያዝዙ ሰዎች በዝተዋል፣ ማሩ እንዴት እንደሚሠራ የሚያስረዱት ግን ጥቂት ናቸው። አሠራሩን ያላወቀ ደግሞ የሚሠራበትንና የማይሠራበትን ቦታ መለየት አይችልም።

ቋንጣና ማር

ከቀላሉ እንጀምር። ከማር ክብደት ወደ 80 በመቶ የሚጠጋው ስኳር ነው፤ በዋነኛነት ፍሩክቶስና ግሉኮስ። የውሃው ድርሻ በበሰለ ማር ውስጥ ከ17 እስከ 20 በመቶ ቢሆን ነው። ያ ጥቂት ውሃም ነፃ አይደለም፤ ስኳሩ አጥብቆ ይዞታል። ባክቴሪያ እዚያ ውስጥ ቢወድቅ የሚጠጣው ያጣል፤ ይባስ ብሎ የራሱን ውሃ ስኳሩ ይስብበታል። ሥጋ በጨው ታሽቶ ቋንጣ ሲሆን የማይበላሸው በዚሁ መንገድ ነው። ጨው በሥጋው ላይ የሚሠራውን ስኳር በማሩ ውስጥ ይሠራዋል።

የምግብ ሳይንስ ሰዎች ለባክቴሪያ የሚተርፈውን ነፃ ውሃ የሚለኩበት መለኪያ አላቸው። ንጹሕ ውሃ 1 ነው፤ ማር 0.6 አካባቢ ይውላል። አብዛኞቹ ባክቴሪያዎች ከ0.9 በታች ማደግ አይችሉም፤ ቁስል የሚያመግለውና ድርቀትን በመቋቋም የታወቀው ስታፊሎኮከስ ኦውረስ እንኳ 0.86 አካባቢ ይቆማል። በዚያ ላይ ማር አሲዳማ ነው፤ ፒኤች የሚባለው የአሲድነት መለኪያው፣ ቁጥሩ ባነሰ መጠን አሲዱ የሚበዛበት፣ በአማካይ 3.9 ገደማ ነው። ስለዚህ የበሰለ ማር ጓዳ ውስጥ ለምን እንደማይበላሽ ለማስረዳት ስኳሩና አሲዱ ይበቃሉ።

ቁስል ላይ ሲደረግ ግን ይህ ማስረጃ አይበቃም። ቁስል ፈሳሽ አለው፤ ማሩን በሰዓታት ውስጥ ያቀጥነዋል። የስኳሩ ኃይል እዚያ ላይ መፍረስ ነበረበት። ተመራማሪዎች በማር ውስጥ ያለውን የስኳር ልክ ጠብቀው ሰው ሠራሽ ሽሮፕ አዘጋጅተው ከእውነተኛው ማር ጋር ሲያወዳድሩ፣ ሽሮፑ ትንሽ ውሃ እንደነካው ኃይሉ ሲከዳው ማሩ ግን ብዙ ውሃ ተጨምሮበትም ባክቴሪያን ማቆም ችሏል። እንግዲህ ማሩ ውስጥ ከስኳር ሌላ አንድ ነገር አለ ማለት ነው።

ውሃ ሲነካው የሚነቃው መሣሪያ

ያ ነገር ለረጅም ጊዜ ስም እንጂ መልክ አልነበረውም። በ1937 ጀርመናዊው ዶልድና ባልደረቦቹ "ኢንሂቢን" ብለው ሰየሙት፤ የሚያግድ እንደማለት ነው። ምንነቱ የታወቀው በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ አሜሪካዊው ኬሚስት ጆናታን ኋይትና ባልደረቦቹ በደረሱበት ጊዜ ነው። ኢንሂቢን የተባለው ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ሆኖ ተገኘ፤ በየመድኃኒት ቤቱ ለቁስል ማጠቢያ የሚሸጠው፣ ቁስል ሲነካ አረፋ የሚያወጣው ፈሳሽ።

አፈጣጠሩ ነው የሚያስደንቀው። ንብ ከአበባ የምትቀስመው ጣፋጭ ፈሳሽ፣ ኔክታር የሚባለው፣ እንደ ብርዝ ቀጭን ነው፤ ከግማሽ በላዩ ውሃ ሊሆን ይችላል። ወደ ቀፎ አምጥታ በክንፏ እያራገበች እስክታደርቀው ድረስ ቀናት ይወስዳል። በእነዚያ ቀናት ፈሳሹ ለእርሾና ለባክቴሪያ የተመቻቸ ድግስ ነው። ንቧ ግን ከራሷ እጢ ግሉኮስ ኦክሲዴዝ የተባለ ኢንዛይም ትጨምርበታለች። ኢንዛይሙ ግሉኮሱን ከአየር ኦክስጅን ጋር እያገናኘ ሁለት ነገር ይሠራል፤ ግሉኮኒክ አሲድና ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ። አሲዱ ማሩን ያኮመጥጠዋል፣ ፐርኦክሳይዱ ጀርሙን ይገድላል። ማሩ በስሎ ሲደርቅ ኢንዛይሙ ሥራ ይፈታል፤ አይሞትም፣ ይተኛል። ከዚያ በኋላ ጥበቃውን ስኳሩ ይረከባል።

ማሩ እንደገና ውሃ ሲያገኝ የተኛው ኢንዛይም ይነቃል። በማሩና በውሃው ቅልቅል ውስጥ የማሩ ድርሻ ከ30 እስከ 50 በመቶ በሚሆንበት ጊዜ የሚወጣው ፐርኦክሳይድ ከፍተኛው ነው። ከዚያ በላይ ሲቀጥን ኢንዛይሙም ግሉኮሱም ይሳሳሉ፤ ኃይሉ ይወርዳል፤ በመጨረሻ የሚቀረው ለጀርም የሚመች ጣፋጭ ውሃ ነው። ስለዚህ ውሃ ማሩን በመጀመሪያ ያስታጥቀዋል፣ ሲበዛ ደግሞ ትጥቁን ያስፈታዋል።

ሰው እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ያነሳል፤ ፐርኦክሳይድ ከሆነ ለምን ከመድኃኒት ቤት አንገዛውም? መልሱ በመጠኑና በአወጣጡ ላይ ነው። በተበጠበጠ ማር ውስጥ የሚገኘው ፐርኦክሳይድ በመድኃኒት ቤቱ ባለ 3 በመቶ ጠርሙስ ውስጥ ካለው በሺህ እጅ ገደማ ያነሰ ነው። የጠርሙሱ ፈሳሽ አንድ ጊዜ ፈልቶ ያልቃል፣ ጤነኛውን የሰውነት ሥጋም ይጎዳል። ማሩ ግን በዝግታ፣ ለሰዓታት ሳያቋርጥ ያመነጫል።

ድክመቱም ሊነገር ይገባል። ኢንዛይሙ ሙቀትና ብርሃን አይችልም። የረጋ ማር በእሳት ተሞቆ ሲቀልጥ ወይም ግልጽ በሆነ ዕቃ ፀሐይ ላይ ተደርድሮ ሲሰነብት ጣፋጭነቱ አይቀንስም፤ የኢንዛይሙ ኃይል ግን ይሄዳል። ደንበኛው በዓይኑም በምላሱም ሊለየው አይችልም። ሌላው ደግሞ ደማችንና ሥጋችን ፐርኦክሳይድን የሚያከስም ካታሌዝ የተባለ የራሳቸው ኢንዛይም አላቸው። ላቦራቶሪ ውስጥ ጀግና የሆነ ማር ቁስል ላይ ሲደርስ ሊዳከም የሚችልበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

የኒውዚላንዱ ማር ያስነሳው ክርክር

ፒተር ሞላን የተባሉ በኒውዚላንድ የዋይካቶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ይህንኑ ካታሌዝ ለብልህ ፈተና ተጠቀሙበት። ማር ላይ ካታሌዝ ሲጨመርበት ፐርኦክሳይዱ ይጠፋል፤ ገዳይነቱም አብሮ መጥፋት አለበት። በአብዛኞቹ ማሮች እንደተጠበቀው ሆነ። ማኑካ ከሚባለው የአገሩ ቁጥቋጦ አበባ የተገኘው ማር ግን ፐርኦክሳይዱ ጠፍቶም መግደሉን ቀጠለ። ምሥጢሩ እስከ 2008 ድረስ ቆየ። በዚያ ዓመት በጀርመን ድሬስደን የቶማስ ሄንለ ቡድን፣ ከእነሱም ተለይቶ የኒውዚላንድ ቡድን፣ ገዳዩ ሜቲልግላይኦክሳል የተባለ ንጥረ ነገር መሆኑን አሳወቁ። ይህ ንጥረ ነገር ከንቧ አይመጣም፤ በማኑካ አበባ ውስጥ ያለ ሌላ ውህድ ማሩ ሲቀመጥ ቀስ በቀስ ወደ እርሱ ይለወጣል። የማኑካ ማር ዋጋ በዓለም ገበያ የተሰቀለው በዚህ ንጥረ ነገር ልክ ነው።

ሁለት ዓመት ቆይቶ በ2010 የአምስተርዳም ተመራማሪዎች ለሕክምና ተብሎ የሚመረት አንድ የኔዘርላንድ ማር ወስደው የመሣሪያዎቹን ዝርዝር አንድ በአንድ ፈተኑ። ፐርኦክሳይዱን አጠፉ፣ አሲዱን አለዘቡ፣ ሜቲልግላይኦክሳሉን አከሰሙ፤ አሁንም የተረፈ ኃይል ነበር። እሱም ዲፌንሲን-1 የተባለ፣ የንቧ ሰውነት ራሱን ከበሽታ ለመከላከል የሚሠራው ትንሽ ፕሮቲን ሆኖ ተገኘ። ሁሉም ሲወገዱ ማሩ ከስኳር ውሃ አልተሻለም። ይኸው ቡድን ኋላ ማኑካን ሲመረምር ዲፌንሲኑን በሚሠራ ሁኔታ አላገኘበትም። ሁለቱም ማር ናቸው፣ ሁለቱም ይገድላሉ፤ መሣሪያቸው ግን የተለያየ ነው።

የእኔ አቋም የተመሠረተው በዚህ ላይ ነው። "ማር" የሚለው ስም ለዕውቀት በጣም ሰፊ ነው። የገተም ነጭ ማር፣ የማንጠሴ ማር፣ የብሳና ማር፣ መራራው የግራዋ ማር፣ የአደይ አበባና የኑግ ቢጫ ማር በአንድ ስም ተጠርተው በአንድ ሚዛን ቢሸጡም በባክቴሪያ ፊት አንድ ናቸው ብሎ መገመት አይቻልም። የኒውዚላንድ ሰዎች የሀገራቸውን አንድ ቁጥቋጦ አጥብቀው በመጠየቃቸው ያገኙትን አይተናል።

ባክቴሪያው ራሱ የሚሠራው መድኃኒት

እስካሁን ማርን እንደ ገዳይ፣ ባክቴሪያን እንደ ሟች ቆጥረን መጣን። ነገሩ ከዚህ የረቀቀ ነው፤ ባክቴሪያዎችም እርስ በርሳቸው ይዋጋሉ፣ ለዚህም የራሳቸውን ፀረ ተሕዋስያን ያመርታሉ። ማር በዚህ ምርት ላይ ምን ያደርጋል?

በ2008 በስዊድን የሉንድ ዩኒቨርሲቲ ቶቢያስ ኦሎፍሶንና አሌሃንድራ ቫስኬዝ ንብ ኔክታር በምትሸከምበት ከረጢት ውስጥ የሚኖሩ የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎችን ማግኘታቸውን ይፋ አደረጉ። ከእርጎና ከኮመጠጠ ሊጥ የምናውቃቸው ባክቴሪያዎች ዘመዶች ናቸው። ኔክታሩን ሲያገኙ ይባዛሉ፣ አሲድና ሌሎች ጀርም የሚከላከሉ ነገሮችን ያመርታሉ፤ ማሩ ሲበስልና ሲደርቅ እነሱ ራሳቸው ይሞታሉ፣ የሠሩት ግን ማሩ ውስጥ ይቀራል። በዚያው ዓመት ከአሜሪካ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የወጣ ሥራ ደግሞ ከተለያዩ አበቦች ማር ውስጥ የተለዩ ባክቴሪያዎች፣ በተለይ ባሲለስ የሚባሉት፣ አብዛኞቹ ቢያንስ አንድ ሌላ ጀርም የሚያግድ ነገር እንደሚያመርቱ አሳየ። ባሲለስ ሁኔታው ሲከፋበት እንደ ዘር ጠንክሮ የሚተኛ ባክቴሪያ ስለሆነ ማር ውስጥ ለረጅም ጊዜ መቆየት ይችላል። ስለዚህ "የማር ኃይል" ከምንለው ከፊሉ የአበባውም የንቧም ሳይሆን የባክቴሪያ እጅ ሥራ ሊሆን ይችላል።

እዚህ ላይ ተማሪዎችና ወጣት ተመራማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚቸኩሉበት ነገር አለ። ለላክቲክ አሲድ ባክቴሪያ ማር ጨምሮ ቁጥሩ ቢበዛ "ማር የፀረ ተሕዋስያን ምርትን ይጨምራል" ማለት ያጓጓል። መብዛትና ማምረት ግን ሁለት ናቸው። የፔኒሲሊን ታሪክ ለዚህ ምስክር ነው። በ1940ዎቹ አሜሪካውያን ፔኒሲሊንን በብዛት ለማምረት ሲጣጣሩ ሻጋታው ግሉኮስ ሲያገኝ ቶሎ ይወፍራል፣ መድኃኒቱን ግን አያወጣም ነበር። በዝግታ የሚበላውን የወተት ስኳር ላክቶስን ሲሰጡት ምርቱ ጨመረ። የጠገበ ተሕዋስ መሣሪያ ለመሥራት አይቸኩልም። ማር ደግሞ በግሉኮስ የተሞላ ነው፤ ስለዚህ እድገትን እየጨመረ ምርትን የሚያዘገይበት ሁኔታ በሚገባ ሊኖር ይችላል። ባክቴሪያው ማን እንደሆነ፣ ምን እንደሚያመርትና ማሩ ምን ያህል እንደሆነ ሳይታወቅ አንድ መልስ መስጠት አይቻልም።

ሌላም አለ። ማር የስኳር ሀብታም ነው፣ የናይትሮጅን ግን ደሃ ነው፤ ፕሮቲኑ ከአንድ በመቶ እጅግ ያነሰ ነው። በማርና በውሃ ብቻ የሚኖር ተሕዋስ ጉልበት እንጂ ሰውነት የሚገነባበት አያገኝም፤ ብርዝ ብቻውን በዝግታ የሚፈላውም በከፊል ለዚህ ነው። እንግዲህ የማርን ውጤት የሚፈትን ሰው ከጎኑ ልክ ማሩን የሚያህል ግሉኮስና ፍሩክቶስ የያዘ ሌላ ዕቃ ማቆም አለበት። ያለዚያ የስኳሩን ሥራ ለማሩ እየሰጠ ሊሆን ይችላል።

ጥንቃቄው ከንቱ አይደለም። በ2011 የታተመ የደቡብ ኮሪያ ተመራማሪዎች ሥራ "አካሲያ" በሚል ስም የሚሸጥ ማር ግማሽ በመቶ ብቻ ጨምሮ አደገኛውን ኢ.ኮላይ ኦ157 ሲፈትን ባክቴሪያው አልሞተም፣ እድገቱም አልቆመም፤ ተጣብቆ የሚሠራው የጋራ ድር ግን በእጅጉ ቀነሰ። ይህን ያደረገው ምንድን ነው ተብሎ ሲጣራ የማሩ ስኳሮች ራሳቸው ሆነው ተገኙ። ለእኔ ይህ ማሩን የሚያሳንስ ግኝት አይደለም። እንዲያውም ጠላትን ሳይገድሉ ጦር ማስፈታት እንደሚቻል ያሳያል፤ የማይሞት ባክቴሪያ ደግሞ ለመላመድ የሚገፋፋው ነገር ያነሰ ነው።

ጠጃችን ይህን ሁሉ በአንድ ጋን ይዞታል። ማሩ በውሃ ሲቀጥን የስኳሩ ጥበቃ ይነሳል፤ እርሾውና የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያው ይነቃሉ፤ እርሾው አልኮል፣ ባክቴሪያው አሲድ ያመርታል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከየጠጅ ቤቱ በሰበሰቡት ጠጅ ውስጥ ሁለቱንም ወገኖች ለይተው አሳይተዋል። ጌሾው ምሬቱን ይጨምራል። ሲደርስ ጠጁን የሚጠብቀው የማሩ ስኳር ሳይሆን ማሩን የበሉት ተሕዋስያን ያመረቱት አልኮልና አሲድ ነው፤ ጥበቃው ባለቤት ለውጧል።

ከላቦራቶሪ እስከ ቁስል

አንድ ማር ሳህን ላይ ባክቴሪያን ገደለ ማለት በሽተኛ ያድናል ማለት አይደለም። ሳህን ላይ የሚታየውን ብናገር ግልጽ ይሆናል፦ በረጋ ምግብ ላይ ባክቴሪያ ይዘራል፣ መካከሉ ላይ ትንሽ ጉድጓድ ተቆፍሮ ማር ይጨመራል፣ በማግስቱ በጉድጓዱ ዙሪያ ባክቴሪያ ያላደገበት ባዶ ቀለበት በሚሊ ሜትር ይለካል። ቀለበቱ የሚሰፋው ግን ገዳዩ ኃይለኛ ሲሆን ብቻ አይደለም፤ በረጋው ምግብ ውስጥ በቀላሉ የሚሰርግ ሲሆንም ነው። ትልልቅ ፕሮቲኖች በዝግታ ስለሚሰርጉ ኃይላቸው አንሶ ይታያል።

በሰው ላይ የተደረጉትን ሙከራዎች ኮክሬን የተባለው ዓለም አቀፍ የጥናት ገምጋሚ ተቋም በ2015 አሰባስቦ 26 ሙከራዎችን አይቷል። ማር መካከለኛ ጥልቀት ያላቸውን የእሳት ቃጠሎዎች ከተለመዱት ማሸጊያዎች በአራት ወይም በአምስት ቀን ቀድሞ እንደሚያድን፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ያመረቀዙ ቁስሎችንም እንደሚረዳ አገኘ። በእግር ላይ ለሚቆዩ የደም ሥር ቁስሎች ግን ጥቅም አላሳየም፤ ለሌሎቹም ማስረጃው ደካማ ነበር። ለሳልም በ2018 የእንግሊዝ የጤና መመሪያ አውጪዎች አጣዳፊ ሳል ለያዘው ሰው አንቲባዮቲክ ከማዘዝ በፊት ማር ይሞከር ብለዋል። አብዛኛው ሳል ከቫይረስ ስለሚመጣ እዚያ ላይ የማሩ ትልቁ አገልግሎት ጉሮሮን ማለስለሱና አላስፈላጊ አንቲባዮቲክ ማስቀረቱ ነው።

ባክቴሪያዎች ማርን ይላመዱ እንደሆነ ደጋግመው በላቦራቶሪ የፈተኑ ሥራዎች እውነተኛ መላመድ ሊያገኙ አልቻሉም። ይህ የሚጠበቅ ነው፤ ስኳር፣ አሲድ፣ ፐርኦክሳይድና ፕሮቲን ተባብረው ሲመጡ ባክቴሪያው በአንድ ለውጥ ሁሉንም ማምለጥ ይከብደዋል። አንቲባዮቲክ ግን ብዙውን ጊዜ አንድ በር ብቻ ያንኳኳል።

ይሁን እንጂ በሆስፒታል የሚሠራበት ማር ከገበያ የተገዛ ማር አይደለም። ማር ከላይ ያልናቸው የሚተኙ ባክቴሪያዎች ስላሉበት በጋማ ጨረር ይመከናል፤ በሙቀት ቢመከን ኢንዛይሙ ይሞታል። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው እግሩ ላይ ቁስል ሲወጣ የጓዳ ማር እየቀባ ቤት የሚሰነብት ከሆነ ማሩ የሚጎዳው በውስጡ ባለው ነገር ብቻ ሳይሆን በሚያባክነው ጊዜ ነው። እንዲህ ያለ ቁስል በሐኪም እጅ መታየት አለበት።

ለሕፃናት ደግሞ ነገሩ ከዚህም ይከብዳል። ማር ውስጥ ተኝተው ከሚገኙት አንዱ ቦቱሊዝም የሚያመጣው ክሎስትሪዲየም ነው። ማሩ ውስጥ ማደግ አይችልም፤ አዋቂ ቢበላውም የአንጀቱ ነባር ባክቴሪያዎች ያግዱታል። ዓመት ያልሞላው ሕፃን አንጀት ግን ገና ጠባቂ አልተሰለፈበትም፤ እዚያ ነቅቶ ጡንቻን የሚያሽመደምድ መርዝ ያመርታል። ሕመሙ በሕፃናት ላይ ተለይቶ የታወቀው በ1976 ነው። በአንዳንድ አካባቢዎቻችን ለአራስ ልጅ ቅቤ ወይም ማር የማስላስ ልማድ አለ፤ የሚያደርጉት አያቶች ከፍቅር ነው። ዓመት ላልሞላው ልጅ ግን ማር በጣት ጫፍም አይሰጥ።

ገበያውም ችግር አለበት። በስኳር የተበረዘ ማር ላይ የምናወራው ኢንዛይምና ፕሮቲን የለም፤ ወይም ከስሟል። ያለ ጊዜው የተቆረጠ ማር ውሃው ስለሚበዛ በእርሾ ይፈላል። የመድኃኒት ፈላጊ ደንበኛ በእጁ የያዘው ጣፋጭ ነገር ማር መሆኑን ሳያረጋግጥ የማር ሳይንስ ምንም አይፈይደውም።

ጣዝማ

መጨረሻ ላይ ያቆየሁት በጣም የምወደውን ነው። ጣዝማ የሚባሉት ንቦች አይናደፉም፤ ጎጇቸውን መሬት ውስጥ ይሠራሉ፤ ማራቸውም እንደ ማር ንብ ማር ዝልግልግ ሳይሆን ቀጭንና ኮምጠጥ ያለ ነው። ለሳል፣ ለቶንሲል፣ ለሆድ ሕመም እየተባለ በትንሽ ጠርሙስ በውድ ይሸጣል። መናደፊያ የሌላቸው ንቦች ማር ብዙ ጊዜ ከአንድ አራተኛ በላይ ውሃ ስለሚይዝ፣ በማር ንብ ማር ሚዛን ቢመዘን "ያልበሰለ" ተብሎ ይወድቅ ነበር። በስኳሩ ጥበቃ ብቻ ከሄድን ጣዝማ ደካማ መሆን አለበት።

በ2013 የታተመ የጎንደር ጥናት ግን ሌላ ነገር አሳየ። ተመራማሪዎቹ ነጭ ማር፣ ቢጫ ማርና የጣዝማ ማር ወስደው በኢ.ኮላይ፣ በስታፊሎኮከስ ኦውረስና በክሌብሲየላ ላይ፣ መድኃኒት የተላመዱትንም ጨምሮ፣ ፈተኑ። እኩል በእኩል በውሃ ሲቀጥኑ የጣዝማው ባዶ ቀለበት በአማካይ 22 ሚሊ ሜትር፣ የነጩ 21፣ የቢጫው 18 ገደማ ሆነ። በነጩና በጣዝማው መካከል ያለው ልዩነት በዚህ መለኪያ ትንሽ ነው፤ ማጋነን አይገባም። ይበልጥ የሚናገረው ሌላው ውጤት ነው፦ ከተፈተኑት ባክቴሪያዎች 80 በመቶውን የጣዝማ ማር 6.25 በመቶ ብቻ በሚሆን ድርሻው ሲያቆም፣ በዚያው ድርሻ ሁለቱ የማር ንብ ማሮች ያቆሙት 40 በመቶውን ነው። ውሃ የበዛበት ማር በስኳር ያጣውን በሌላ ነገር ክሶታል። ያ ነገር አሲዱ ይሁን፣ የንቧ ፕሮቲን፣ የአበባው ውህድ፣ ወይስ በዚያ እርጥብ ማር ውስጥ በሕይወት የሚሰነብቱ ባክቴሪያዎች የሚያመርቱት? አምስተርዳሞች ለማራቸው እንዳደረጉት አንድ በአንድ እያነሱ መፈተን ይጠይቃል። ዘዴው ይታወቃል፤ የሚያስፈልጉት ኢንዛይሞችም ውድ አይደሉም።

ይህን የሚጠይቅ ሰው ግን ብዙ መዘግየት አይችልም። ጣዝማ የሚገኘው በቁፋሮ ነው። ማር ፈላጊው የንቦቹን መውጫ ቀዳዳ አይቶ ጎጆው እስኪደርስ ይቆፍራል፤ ማሩን ከነማስቀመጫው ያወጣል፣ እጩም እናትየዋም አፈር ውስጥ ተበትነው ይቀራሉ። ከአንድ ጎጆ አንድ ጊዜ ብቻ ይታፈሳል፤ በሚቀጥለው ዓመት ወደዚያው ጉድጓድ የሚመለስ የለም። ጣዝማን ወደ ቀፎ አስገብቶ ለማርባት በሀገራችን የንብ ተመራማሪዎች የጀመሩት ሙከራ አለ። ጎጆውን ሳያፈርሱ ማሩን መቅዳት ከተቻለ ቆፋሪው በየዓመቱ ይሸጣል፣ ላቦራቶሪውም ከአንድ ጎጆ ደጋግሞ ናሙና ያገኛል።